በጓሮዬ የገባው የወፎች ፈንግል

ከጓሯችሁ ወይም ከበረንዳችሁ ለወፍ እህል የምትሰቅሉ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው እኔ ያጠፋሁትን እናንተ እንዳትደግሙት ነው። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ወፍ መመገብ የጀመርኩት በ2020 ጸደይ፣ ኮሮና ሥራ አስፈትቶ ቤት ባዋለን ጊዜ ነው። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ በረራ ተቋርጦባት እዚሁ ቀርታ ነበር። ቀኑ አልመሽ ሲላት ወንበር ስባ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ከመስኮቱ ውጭ ግን ከአጥር በቀር የሚታይ የለም። አንድ ቀን ከጎንና ከጎኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት የፕላስቲክ ቱቦ መመገቢያ ገዛሁና እህል ሞልቼ ፊት ለፊቷ ሰቀልኩላት። ሦስት ቀን ማንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ጓሮው የቅዳሜ ገበያ ሆነ።

ከገዛሁት እህል አንዱ ጥቁርና ቀጭን ፍሬ ነበር፤ ከረጢቱ ላይ «ናይጀር» ይላል። እማዬ ዘገነችና አሸተተችው፣ በጥፍሯ ጨመቀችው፣ ከዚያ «አንተ! ይሄ እኮ ኑግ ነው» አለች። አላመንኳትም። ፈልጌ ሳነብ ግን እውነቷን ነው። «ናይጀር» የንግድ ስም ነው እንጂ ተክሉ በሳይንሳዊ ስሙ ጊዞቲያ አቢሲኒካ የሚባለው የኛው ኑግ ነው። ከኢትዮጵያም ከሕንድም ይመጣል፤ አብሮት የሚገኘው የአረም ዘር እንዳይበቅል በሙቀት ይታከምና ለአሜሪካ ወፎች ይሸጣል። እማዬ የጎጃም ሰው ናት፤ ቢቸና አካባቢ ኑግ ስታጭድ ነው ያደገችው። «ለኛ ዘይቱ ጠፍቶ እዚህ ወፍ ይበላዋል» ብላ ስቃ አላባራችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመመገቢያው አዛዥ እሷ ሆነች።

እኔ የሠራሁት ጥፋት ቀላል ነው። ከአፕሪል እስከ ጃንዋሪ እህሉ ባለቀ ቁጥር በላዩ ሞላሁ እንጂ ዕቃውን አንድ ቀን እንኳ አላጠብኩም። ለሰው ምግብ ባቀርብበት የማይታሰብ ነገር ነው። የወፍ ሲሆን ግን የውጭ ዕቃ ነው፣ ዝናቡ ያጥበዋል ብዬ ተውኩት። ዝናቡ አላጠበውም። ከታች የተጠራቀመውን ኑግ አርሶ አሻገተው፤ ላዩ ላይ ኩስ ደረቀበት።

በ2021 ጃንዋሪ አንድ ማለዳ በሩን ስከፍት ሁሉም ብን ብለው ሲጠፉ አንዷ ቀዳዳው አጠገብ ቁጭ ብላ ቀረች። ሀውስ ፊንች የሚባለው ዓይነት ናት። ወንዱ ራሱና ደረቱ ቀላ ይላል፣ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ናት፤ መጠናቸው ከድንቢጥ አይበልጥም። አንድ ክንድ እስኪቀረኝ ተጠጋኋት። አልበረረችም። ለመደችኝ ብዬ ልቤ በደስታ ሞላ፤ «እማዬ ነይ እዪ፣ ከእጄ ልትበላ ነው» ብዬ ተጣራሁ። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ሳጎላው ነው የቀኝ ዓይኗ አብጦ፣ በደረቀ ዓይናር ተለጥፎ መዘጋቱን ያየሁት። ግራውም መቅላት ጀምሯል። ወፏ እኔን ማየት አቅቷት ነው እንጂ ለምዳኝ አይደለም።

እማዬ ፎቶውን አይታ ብዙም አላሰበችም። «ፈንግል ገብቷል። አውርደው» አለች። ዶሮ ባለበት ቤት ላደገ ሰው ፈንግል ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ አንድ ሰሞን ገብቶ ቆጡን ባዶ አድርጎ የሚሄድ መቅሰፍት ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ፈንግል የሚሉት ኒውካስል የተባለውን በሽታ ነው፤ በየቤቱ ግን ዶሮ የሚፈጅ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራል። እኔ ተከራከርኳት። በዚህ ብርድ፣ በዚህ በረዶ እህሉን ባነሳ በረሃብ ያልቃሉ አልኳት። «የጎረቤት ዶሮ ሲሞት ዶሮህን ትዘጋለህ እንጂ ጥሬ በትነህ የሰፈሩን ዶሮ ትጠራለህ?» አለችኝ።

አልሰማኋትም። ስድስት ቀን ቆየሁ። በስድስተኛው ቀን ዓይናቸው ያበጠ አራት ቆጠርኩ፤ አንዱ ደግሞ ኑጉን ሊበላ የሚመጣ ጎልድ ፊንች ነበር፣ በበጋ እንደ አደይ አበባ ቢጫ የሚሆነው። እማዬ እሱን ስታይ «ከኑግ የተገኘሽ ሰሊጥ አብረሽ ተወቀጪ» አለች። መመገቢያውን ያወረድኩት ያን ጊዜ ነው። የመጀመሪያዋን ፊንች ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ከቁጥቋጦው ሥር የተበተነ ቡናማ ላባ አገኘሁ፤ የእሷ ይሁን የሌላ እንጃ።

ምንነቱን የነገሩኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ፣ ከእኔ በፊት ለብዙ ዓመታት ወፍ ሲመግቡ የኖሩ ሴት። በአጥሩ ላይ ፎቶውን ሳሳያቸው «እሱ የፊንች ዓይን በሽታ ነው፣ የመጣው ከዚሁ ከኛ ሰፈር ነው» አሉኝ። እውነትም በሽታው በፊንቾች ላይ መጀመሪያ የታየው በ1994 የብርድ ወራት፣ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ነው። ማይኮፕላዝማ ጋሊሴፕቲከም የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ቀድሞ የሚታወቀው በዶሮና በተርኪ ነበር፣ ከእነሱ ወደ ፊንቾቹ ተሻገረ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአእዋፍ ጥናት ማዕከል በዚያው ዓመት ወፍ የሚመግቡ ሰዎችን አስተባብሮ በሽታው በየት በየት እንደሚሄድ መከታተል ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአሜሪካን ምሥራቅ ግማሽ አዳረሰ።

ሀውስ ፊንቾቹ ራሳቸው ለምሥራቁ መጤ ናቸው። አገራቸው ምዕራቡ ነው። በ1940 ኒውዮርክ ውስጥ በሽቦ ቤት ሲሸጡ ንግዱ ሕገወጥ ስለነበር ነጋዴዎቹ እንዳይያዙ ሎንግ አይላንድ ላይ ለቀቋቸው። የምሥራቁ ፊንች ሁሉ የእነዚያ ጥቂቶች ዘር ነው። ያለ ወረቀት ገብተው አገር ሞሉ ማለት ነው። ይህን ለእማዬ ስነግራት በጣም ወደደቻቸው።

አሁን ቁም ነገሩ። ወፍ በዱር ስትበላ ተበታትና ነው፤ አንዱ ዘር እዚህ፣ አንዱ እዚያ ማዶ። እኛ ቱቦ ስንሰቅል ግን ከሰፈሩ ዙሪያ የሚመጣውን ሁሉ በአራት ቀዳዳ እንሰበስባለን። የታመመችው ራሷን ወደ ቀዳዳው ስታስገባ ዓይኗ ጠርዙን ይነካል፤ የሚፈሰው ነገር እዚያው ይቀራል፤ ቀጣዩ ወፍ በዚያው ይገባል። ጥናቶችም መመገቢያ ላይ ረጅም ሰዓት የሚቆዩት ወፎች በሽታውን የመያዝም የማዛመትም ዕድላቸው የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። የታመመው ደግሞ የሚቆየው መመገቢያው ላይ ነው፤ ዓይኑ ስለማያይ ሌላ ቦታ ሄዶ መልቀም አይችልም። አንዳንዶቹ ይድናሉ፤ ብዙዎቹ የሚሞቱት በራሱ በበሽታው ሳይሆን ምግብ ማግኘት አቅቷቸው ወይም ድመትና ጭልፊት ሲመጣ ሳያዩ ቀርተው ነው።

ስለዚህ የታመመ ወፍ ያየ ሰው መመገቢያውን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያውርድ። ይራባሉ የሚለው ስጋቴ ልክ አልነበረም። የኛ እህል ለእነሱ ጭማሪ ነው እንጂ ቀለብ አይደለም፤ ስናነሳው ይበተናሉ፣ የሚፈለገውም እሱ ነው።

ማጠቡ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ በወጥ ቤቱ ገንዳ፣ ሳህን በምናጥብበት ስፖንጅ አጠብኩት። እማዬ ስፖንጁን ከእጄ ነጥቃ ጣለችው። ልክ ነበረች። በዚያው የብርድ ወራት ፓይን ሲስኪን የሚባሉ ወፎች ከካናዳ በብዛት ወርደው በሳልሞኔላ ሲያልቁ፣ በሽታው ወደ ሰውም ተሻግሮ በ12 ክፍለ ግዛቶች 29 ሰው መታመሙንና 14ቱ ሆስፒታል መግባታቸውን የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መዝግቧል። የዓይኑ በሽታ ሰው አይዝም፤ ሳልሞኔላ ግን ይይዛል፣ በተለይ መሬት መሬቱን የሚጫወት ሕፃንና ወፍ የምታድን ድመት ያለበት ቤት መጠንቀቅ አለበት። አሁን የወፎቹ ባልዲ፣ ብሩሽና ጓንት ለብቻ ናቸው፤ የሚታጠበውም ውጭ ነው፤ ጨርሼም እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነበር። በረኪናው ላይ ኮምጣጤ ብጨምር ይበልጥ ያጸዳል ብዬ ቀላቀልኳቸው፤ የወጣው ሽታ ጉሮሮዬን ይዞ አሳለኝ። ውጭ መሆኔ ነው የጠቀመኝ። በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ዕቃውን ፈታትቶ ቆሻሻውን በሙቅ የሳሙና ውሃና በብሩሽ ማንሳት ይቀድማል፤ ኩስና የሻገተ እህል ካለበት በረኪናው ኃይሉን እዚያ ይጨርሳል። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ አስር ደቂቃ መዘፍዘፍ። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ በብዙ ውሃ ማለቅለቅ። ከዚያ፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ውስጡ ጠብታ እስኪያጣ ማድረቅ። እርጥብ ቱቦ ላይ ኑግ ከጨመራችሁ በሁለት ቀን እንደ ጭቃ ይያያዛል፣ ይሻግታል፤ ሻጋታው ደግሞ የራሱን የሳንባ በሽታ ለወፎች ይሰጣል። እኔ ሁለት መመገቢያ ገዝቼ እቀያይራለሁ፤ አንዱ ሲደርቅ አንዱ ይሰቀላል። በየሁለት ሳምንቱ አጥባለሁ፤ ዝናብ የበዛ ሰሞን በየሳምንቱ።

ሲገዙም ማሰብ ይጠቅማል። እንጨቱ ያምራል፣ ግን ስንጥቁ ውስጥ የገባው አይወጣም። ጠፍጣፋ ሳህን መሰሉ ደግሞ ወፎቹ የሚበሉትን ቆመው የሚኮሱበት ስለሆነ እኔ ትቼዋለሁ። ትልቅ ቱቦ ሞልቶ ወር ከማቆየት በትንሹ ሞልቶ በሁለት ቀን እንዲያልቅ ማድረግ ይሻላል። የኑጉን ትኩስነት እማዬ እንዳስተማረችኝ በጥፍር ጨምቄ አያለሁ፤ ዘይት ካልተወ አሮጌ ነው፣ ወፎቹም ይተዉታል።

ከመመገቢያው ሥር ያለው መሬት ለብዙ ጊዜ አልታየኝም ነበር። የሱፍ ገለባ፣ የወደቀ ኑግ፣ ኩስ፣ ሁሉም እዚያ ይጋገራል፤ ከመሬት የሚለቅሙት ዋኔዎች ደግሞ የሚበሉት ከዚያ ላይ ነው። ርግብና ዋኔ ትሪኮሞናስ የሚባል የጉሮሮ በሽታ አላቸው፤ በምራቃቸው ይተላለፋል፣ በጋራ ውሃና በረጠበ እህል። በየሳምንቱ ገለባውን ጠርጌ በፌስታል አስሬ እጥላለሁ፤ መስቀያውንም አልፎ አልፎ ቦታ እቀይርለታለሁ። የመጠጫና የመታጠቢያ ሳህኑን ውሃ በየቀኑ እደፋለሁ። ይሄኛው ትንሽ ይሰለቻል።

ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ዓይናቸው ያበጡት ጠፍተው፣ መመገቢያውን ንጹሕ አድርጌ ሰቅዬ ሳለ የ2021 ሜይ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ያ ጊዜ 17 ዓመት መሬት ውስጥ ቆይተው የሚወጡት ሲካዳ የሚባሉ ነፍሳት ዛፉን ሁሉ የሞሉበት፣ ጩኸታቸው ስልክ የማያናግርበት ወቅት ነው። በሜይ መጨረሻ በዲሲ፣ በሜሪላንድ፣ በዌስት ቨርጂኒያና እዚህ በቨርጂኒያ ጫጩትነታቸውን ገና የጨረሱ ወፎች ዓይናቸው አብጦ፣ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ፣ አንገታቸው እየተንቀጠቀጠ መገኘት ጀመሩ። ብዙዎቹ ብሉ ጄይ፣ ግራክል፣ ስታርሊንግና ሮቢን ነበሩ። እኔ አንድ ግራክል መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘሁ፤ ክብ እየዞረ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ይወድቃል። እማዬ ፊቷን አዙራ ገባች።

የቨርጂኒያ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትና የጎረቤት ግዛቶቹ መሥሪያ ቤቶች ሁሉም ሰው መመገቢያና የወፍ ውሃ እንዲያነሳ፣ በአንድ ለዘጠኝ በረኪና እንዲያጥብ፣ ወፍ በባዶ እጅ እንዳይነካ፣ ድመትና ውሻ እንዲያርቅ ጠየቁ። በዚህ ጊዜ በዚያው ቀን አወረድኩ። ቤተ ሙከራዎቹ ሳልሞኔላን፣ የወፍ ጉንፋንን፣ የዌስት ናይል ቫይረስን፣ ትሪኮሞናስን አንድ በአንድ መርምረው አላገኙም። ኒውካስልም አልነበረም። የእማዬ ፈንግል ከዝርዝሩ ሲወጣ እሷ «እንግዲህ ስሙን እነሱ ያውጡለት» አለች። ስም አላወጡለትም፤ በበጋው መጨረሻ እየቀነሰ ሄዶ ክልከላው ሲነሳም ምክንያቱ አልተገኘም። ሲካዳው ነው ያሉም፣ ለሲካዳው የተረጨ መድኃኒት ነው ያሉም ነበሩ፤ አልተረጋገጠም። እኔ ከዚያ የያዝኩት የበሽታውን ስም ሳይጠብቁ ማውረድ እንደሚቻል ነው።

የታመመ ወፍ ስታገኙ ይዞ ማከም ያምራችኋል። እኔም ለፊንቿ የጫማ ሣጥን አዘጋጅቼ ነበር። በዚህ አገር አብዛኛውን የዱር ወፍ ያለ ፈቃድ መያዝ በ1918 በወጣ የፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ያላቸው የዱር እንስሳት ተንከባካቢዎች አሉ፣ ለእነሱ መደወል ነው። በእህሉ ላይ የአንቲባዮቲክ ዱቄት ነስንሱ የሚል ምክር ይደርሳችኋል፤ አትስሙ። ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ በግማሽ የታከመችው ወፍ ደግሞ ተህዋሲያኑን ይዛ ትዞራለች። የሞተ ካገኛችሁ በጓንት ወይም በተገለበጠ ፌስታል አንሱት፣ ደራርባችሁ እሰሩት፣ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ። በርካታ ሞተው ካያችሁ ግን ከመጣላችሁ በፊት ለግዛታችሁ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ንገሩ፤ የ2021ዱ ነገር የታወቀው ሰዎች በመናገራቸው ነው።

ዶሮ ለምታረቡ ወገኖች ለየት ያለ ነገር አለኝ። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ለእንቁላልና ለበዓል ወጥ ብለው በጓሯቸው አራት አምስት ዶሮ የሚይዙ አውቃለሁ። የዓይኑ ባክቴሪያ መጀመሪያ የዶሮ ነው፤ ከ2022 ወዲህ ደግሞ የወፍ ጉንፋኑ አለ። ዶሮ ካላችሁ የዱር ወፍ መመገቢያ ባትሰቅሉ ይሻላል፤ የዶሮውም መኖ ወፍ በማይደርስበት ይሁን። ሁለቱንም የምትፈልጉ ዶሮውን ምረጡ።

እማዬ ተመልሳ ቢቸና ገብታለች። ከመሄዷ በፊት ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ኑግ በአጥሩ ሥር ዘርታ ነበር፤ ጥቂቱ በቀለና ቀጭጮ ቀረ፣ የታከመበት ሙቀት ጎድቶታል። እኔ በቦታው ሱፍና ኢኪናሲያ የሚባል አበባ ተከልኩ። ጎልድ ፊንቾቹ በኦገስት ዘሩን ከአበባው ላይ ይለቅማሉ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ሆነው፤ የሚታጠብ ዕቃም የለውም። ስደውልላት «የወፎቹን ሳህን አጠብክ?» ማለት ሰላምታዋ ሆኗል። እሷ ለዶሮዎቿ የፈንግል ክትባት ታስከትባለች፣ ለፊንቾች ግን እንዲህ ያለ ክትባት የለም ስላት ታዝንላቸዋለች።

ባለፈው ፌብሩዋሪ አንድ ዓይኑ ያበጠ ወንድ ፊንች እንደገና መጣ። በዚያው ሰዓት አወረድኩና ለአሮጊቷ ጎረቤቴ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አወረዱ። በማግስቱ ያ ፊንች ሁለት ቤት አልፎ አዲስ የመጡ ሰዎች ጓሮ ሲበላ አየሁት። የእኔ ብቻ ማውረድ ወደ እነሱ መላክ መሆኑ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ሰውየው ፎቶውን አይቶ ወዲያው መሰላል አመጣ። ሁለቱን ቱቦዎች ካወረደ በኋላ «ውሃውንስ?» አለኝ። ውሃውንም ደፋነው።